ለጎሚኒ የተጠራ ጅጌ

መኪናችን አትሸጥም! ዛሬ ጠዋት አባዬ ከወልድያ ሊመጣ የነበረውን ገዢ በስልክ «ወንድሜ፣ አትድከም፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ» ሲለው በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ስልኩ ሳይዘጋ ነው እልል ያልኩት። ሰውየው ከሰርግ ቤት የተደወለለት ሳይመስለው አይቀርም። መኪናዋ አልተሸጠችም ማለት አባዬም እንደ ድሮው የሰው መኪና ሊነዳ አፋር አይወርድም፣ ወራት ሙሉ በስልክ ድምፅ ብቻ አናውቀውም ማለት ነው።

አባዬ ከቆቦ እስከ ዞብል ተራራ ሰውና እህል የሚያመላልስባት አሮጌ የመስክ መኪና ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እቤት ውስጥም ከእኔ ይልቅ እሷ ትከበራለች። ባለፈው ክረምት ከኋላዋ መንኳኳት ጀመረች። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ቋ! ቋ! ትላለች። ገበያተኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ዱዓ አደረጉ፤ በመጨረሻ ሌላ መኪና መጠበቅ ጀመሩ።

ያለቀው ጎሚኒ ነበር። ጎሚኒ ማለት ባሌስትራው፣ ክብደቷን የሚሸከመው ተጣጣፊ የብረት ንጣፍ፣ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያዝበት ቦታ፣ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የምትገባ ድብልብል የጎማ ቁራጭ ናት። አባዬ «ይህማ እቤታችንም ይቀየራል» አለና ጅጌ ጠራ። በእኛ አገር ጅጌ፣ ማለትም ደቦ፣ የሚጠራው ማሽላ ሲታጨድ ነው። ለመኪና ሲጠራ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ግቢያችን በአጎቶቼና በጎረቤት ተሞላ። ከመጡት ውስጥ አንድም መካኒክ አልነበረም፤ የማያውቅም አልነበረም።

ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ቀላል ነበር። «አንቺ ደብተር ያዢ» አለኝ አባዬ። «ምን በምን ተራ እንደወጣ ጻፊ። ኋላ ስንገጥም ብሎን እንዳይተርፈን።» እኔ ግን በብሎን ብቻ አላበቃሁም። የተባለውንም የተደረገውንም ሁሉ ጻፍኩት። መጻፍ እንዲህ የሚጥም ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም።

አሮጌው ጎሚኒ በመዶሻ ወጣ፤ አዲሱ በሳሙና ውሃ እየተለቀለቀ ገባ። የቀረው ማጥበቅ ነው። መኪናዋ ገና በማንሻው ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለች አባዬ ብሎኑን አጠበቀ። ግን ጅጌ የመጣ ሰው እጁን ሳያሳርፍ መቼ ይሄዳል!

«እስቲ ወዲያ በል፣ አንድ ዙር ለእኔ!» አለ ታላቁ አጎቴ።

«እኔስ? ምሳ ልበላ ብቻ ነው የመጣሁት?» አለ ጎረቤታችን።

በመጨረሻ የሰፈሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጣሉና «ቢስሚላህ!» ብለው የብሎን ቁልፉ ላይ ተንጠለጠሉ። ቁልፉ ንቅንቅ አላለም። ሁላችንም ግን «ተንቀሳቀሰ! ተንቀሳቀሰ!» አልን፤ ለክብራቸው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቋ! ቋ! ተመልሶ መጣ። አባዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና «አንድ ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ። ከዚያ በኋላ ከጮኸች፣ ወላሂ፣ ትሸጣለች» አለ። ለወልድያው ገዢም «ሁለት ወር ቆይተህ ና» አለው። እናቴ አባዬ አፋር ይዞት ይወርድ የነበረውን የመንገድ ቦርሳ አውጥታ ማጠብ ጀመረች።

በማግሥቱ ጎሚኒውን አውልቀን ይዘን ጎብዬ ወደሚገኝ አንድ መካኒክ ሄድን። ሰውየው አገላብጦ አየውና «ይህ እኮ አላረጀም፤ ተጠምዝዞ ተቀዷል። ስታጠብቁት መኪናዋ ክሪክ ላይ ነበረች እንዴ?» አለ።

«ኧረ በጭራሽ!» አለ አባዬ። «መሬት ላይ ነበረች!»

አባትን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነውር ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ አባትን ወደ አፋር መሸኘት ነው። ስለዚህ አፌን አልከፈትኩም። ደብተሬን ከፍቼ መካኒኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ውጭ ወጥቼ ፍየል ማየት ጀመርኩ። ጎብዬ ፍየል አይጠፋም።

መካኒኩ ጮክ ብሎ ሲያነብ ውጭ ድረስ ይሰማል። «መኪናዋ ክሪክ ላይ እያለች ሰባት ሰው አጠበቀ። ሰባተኛው ሲያጠብቁ ቁልፉ አልተንቀሳቀሰም፤ እኛ ግን ተንቀሳቀሰ አልን።» እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቁ ትንፋሽ አሳጠረው። አባዬ ብቅ አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «አንቺ ልጅ ቀበሌ ነሽ እንዴ፣ ሁሉን የምትመዘግቢው?» ከዚያ ሳቁ አመለጠው። እኔም ተነፈስኩ።

መካኒኩ አስረዳን። «መኪናዋ ተንጠልጥላ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ወደ መሬት ስትወርድ ባሌስትራው ሲዘረጋ ጎሚኒው ይጠመዘዛል። ብሎኑን በእጅ ብቻ አስይዙት፤ መኪናዋ በአራቱም እግሯ ቆማ ክብደቷን ስትሸከም ያን ጊዜ አጥብቁ» አለ። ጻፍኩት።

ሁለተኛው ጅጌ ላይ አባዬ «ዛሬ ደብተሩ የሚለውን ስሙ» አለ። «ልጄን ስሙ» ማለት ከበደው መሰለኝ፤ ግን ደብተሩን የማነበው እኔ ነበርኩ። አዲስ ጎሚኒ ገባ፣ ብሎኑ በእጅ ተያዘ፣ መኪናዋ ወረደች። ሁልጊዜ ጭነት ስለማያጣት፣ ብሎኑ በጭነቷ ልክ እንዲጠብቅ መካሪዎቹን በሙሉ ከዘራቸውን እንደያዙ መኪናዋ ላይ አስወጣኋቸው።

«እዚህ ሆነን ምን እናድርግ?» አለ ታላቁ አጎቴ።

«ምንም። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ አጎቴ።»

አባዬ ከሥር ገብቶ ብቻውን አጠበቀ። የአገር ምክር ያቃተውን የአገር ክብደት ቻለው።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ፤ ጭጭ ብላለች። ትናንት አባዬ ማሽላ ጭኖ ከዞብል ሲመለስ ግን ፊቱ ላይ አንድ ነገር ነበር። «የኋላው ዝም ሲል የፊቱ መሰማት ጀመረ» አለን። ቦርሳው ታወሰኝና ደነገጥኩ። እሱ ግን «ጎሚኒው ይቀየራላ!» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ለገዢው የደወለው በዚህ ሐሳብ አድሮ ነው።

እና እሑድ ጠዋት ጅጌ አለ፤ «ሰው ጥሪ» ብሎኛልና እናንተንም ጠርቻለሁ። ምሳ ከእኛ። ቁልፍ ይዛችሁ አትምጡ፤ ቀጫጮች የሆናችሁ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ።