የሙሴ ዩክሊድ ጢምና የማይስቁት አይጦች

ሙሴ ዩክሊድ ቡድሮ የሚተዳደሩት አይጥ በመኮርኮር ነበር። ይህን ሲሰሙ የሚያሾፉ ሰዎች አሉ። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ ደንብ አለው፤ ደንቡንም ከእርሳቸው አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው በሞንክተን ከተማ አልነበረም።

ዘዴው እንዲህ ነው። አይጧ ከጎጆዋ ወጥታ ሰፋ ያለ ሣጥን ውስጥ ትገባለች። ኮርኳሪው በጣቶቹ ጫፍ ማጅራቷን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይነካካታል፤ ቀጥሎ በቀስታ በጀርባዋ ያጋድማትና ሆዷንና ብብቷን ይኮረኩራታል፤ ከዚያም ይለቃታል። በሚገባ የተኮረኮረች አይጥ ስትለቀቅ አትሸሽም፤ ዞራ እጁን ታሳድዳለች። ደግሞም ትስቃለች። ሣቋ እጅግ ቀጭን ስለሆነ የሰው ጆሮ አይደርስበትም፤ መሣሪያ ድምፁን አወፍሮ በጆሮ ማዳመጫ ሲያሰማው ግን ልክ እንደ ጫጩት የተቻኮለ ጭውጭውታ ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለጨዋታ አልነበረም። ዶክተር ሶላንዥ ቴርዮ የተባለችው ተመራማሪ የእግር ነርቫቸው ተጎድቶ በቀዶ ሕክምና የተሰፋላቸውን አይጦች በሁለት ቡድን ከፍላ፣ ግማሾቹ በየዕለቱ እንዲስቁ፣ የቀሩት እንዲሁ እንዲቀመጡ ታደርጋለች። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ የሚስቅ ገላ ነርቩን ቶሎ ይጠግናል ወይ? መልሱ አዎን ከሆነ፣ እግሩ የደነዘዘበት ሰው አንድ ቀን ይጠቀምበታል። ስለዚህ አይጦቹ የምር መሣቅ አለባቸው፤ የሚኮረኩራቸውም እጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ እጅ መሆን አለበት። ያ እጅ የሙሴ ዩክሊድ ነበር።

እጃቸው የተገራው በትውልድ ከተማቸው በካራኬት፣ ወደቡ ዳር በነበረው የሸርጣን ማሸጊያ ፋብሪካ ነው። የሸርጣንን ሥጋ ሳይበጣጠስ ከቅርፊቱ መፈልቀቅ የጉልበት ሳይሆን የጣት ጉዳይ ነው፤ እርሳቸውም ግማሽ ዕድሜያቸውን በዚህ አሳለፉ። ፋብሪካው ሲዘጋ ከባለቤታቸው ከኦዜሊ ጋር ወደ ሞንክተን መጥተው በቤተ ሙከራው በእንስሳት ጠባቂነት ተቀጠሩ። ጎጆ ሲያጸዱ አይጦቹ ሥራ ፈትተው ጣታቸውን ሲከተሉ ዶክተሯ አየች፤ በማግስቱ መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀብላ ለሌላ ሰጠችው።

ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ግንባራቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። ሽበት የወረሰው ጢማቸው ደረታቸውን ይሸፍናል። አንዲት አይጥ ከመንካታቸው በፊት ሁልጊዜ ጎንበስ ብለው "ይፍቀዱልኝ፣ ማዳም" ይሏታል።

"ሙሴ ዩክሊድ፣ አይጥ አንቱ ይባላል እንዴ?" ብላ ዶክተሯ አንድ ቀን ጠየቀቻቸው።

"ሆዷን እየነካሁ አንቺ ብላት፣ ዶክተር፣ ድፍረት አይሆንብኝም?"

በየካቲት ወር አንድ ሰኞ፣ አይጦቹ መሣቅ አቆሙ።

ሙሴ ዩክሊድ እንደ ወትሯቸው ፈቃድ ጠይቀው እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሲሰዱ፣ አይጧ አፍንጫዋን ወደ ላይ አንሥታ አየሩን ማገችና ደርቃ ቀረች። ቀጥላም የታመመ እግሯን እየጎተተች ጥግ ያዘች። ሁለተኛዋም እንዲሁ ሆነች፤ የቀሩትም ተከተሉ። በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው የማሞቂያው ሽውታ ብቻ ነበር።

ያን ሳምንት ያልሞከሩት የለም። ጥፍራቸውን ሞረዱ፤ እጃቸውን በሙቅ ውሃ ነከሩ፤ ትኩስ ነው እንዳይባል ደግሞ አቀዘቀዙ። ረቡዕ ዕለት በሩን ዘግተው የካራኬት ዓሣ አጥማጆችን ዘፈን አዜሙላቸው፤ በዚህኛው ሙከራ የደነገጡት አይጦቹ ብቻ አልነበሩም፤ ከጎን ክፍል ያሉት የሒሳብ ሠራተኛ የታመመ ሰው አለ ብለው በር አንኳኩ።

ሐሙስ ዶክተር ሶላንዥ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

"ሙሴ ዩክሊድ፣ እስከ ሰኞ ካልሳቁ የዚህ ዙር ልፋት ገደል ይገባል። አዲስ ዙር እጀምራለሁ፤ በሌላ ሰው እጅ። አዝናለሁ።"

ሙሴ ዩክሊድ እጆቻቸውን ገልብጠው አዩአቸው፤ ጥፋቱ እዚያ የተጻፈ ይመስል።

"እስቲ ያስቡ። በቤትዎ የተለወጠ ነገር አለ? ሽቶ? ቅባት?"

"ሽቶ በቤቴ አይገባም።"

"እንግዳ?"

"አማቴ መጥተዋል። በረዶ አንሸራቷቸው እጃቸው ስለተሰበረ ብርዱ እስኪያልፍ ከእኛ ጋር ናቸው።"

"አይጥ አማትን አይፈራም።"

"እንግዲያው ከእኔ ይሻላሉ ማለት ነው" አሉ ሙሴ ዩክሊድ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

"ብቻቸውን ነው የመጡት?"

"ከአድሚራል ጋር።"

"አድሚራል ማን ነው?"

"ድመታቸው።"

ዶክተሯ ቀስ ብላ ተነሣችና መልሳ ተቀመጠች። "ድመት! እርስዎ ደንብ የሚያውቁ ሰው!"

"ደንቡን ስለማውቅ ነው እንጂ" አሉ ሙሴ ዩክሊድ፣ ክብራቸው እንደተነካ ሰው ቀና ብለው። "ደንቡ የዚህ ክፍል ሠራተኛ በቤቱ አይጥ፣ ሃምስተርና ጥንቸል እንዳያረባ ይከለክላል። ድመት አይልም። እንዲያውም ድመት ያለበት ቤት የዱር አይጥ ስለማይደፍረው፣ በልብሴ በሽታ ይዤ ከመምጣት ይጠብቀኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

"ሙሴ ዩክሊድ! እርስዎ እኮ በየማለዳው የአንበሳ ቆዳ ለብሰው መዋዕለ ሕፃናት እየገቡ ነው! አንዲት የድመት ጸጉር ብታገኝ አይጥ ለቀናት ጨዋታ አያምራትም።"

እዚያው ገላቸውን ታጠቡ፤ ገና ከማሸጊያው የወጣ ጋዋን ለበሱ። አይጧ አየሩን ማገች፤ ጥግ ያዘች። ዶክተሯ በዙሪያቸው አንድ ጊዜ ዞረች፤ ዐይኗም በጢማቸው ላይ ዐረፈ። ፕላስተር ቆርጣ ጢሙ ላይ ለጠፍ ነቀል አደረገችና ወደ መብራቱ አነሣችው። የተጠመዘዘ ብርቱካንማ ጸጉር ተጣብቆበታል።

"ይህ የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ሽበት ነው።"

"አድሚራል የት ነው የሚተኛው?"

"ደረቴ ላይ።"

"ከጢሙ በላይ ነው ከጢሙ በታች?"

ሙሴ ዩክሊድ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። "ከውስጥ" አሉ።

ጢሙ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠበ፤ ተፈተገ፤ ተበጠረ፤ እንደገና ታጠበ። ፕላስተሩ በተለጠፈ ቁጥር ብርቱካንማ ጸጉር ይዞ ይመለሳል። ዶክተሯ ፕላስተሩን ጣለችው።

"ወይ ድመቱ፣ ወይ ጢሙ፣ ወይ ሥራው። ሦስቱ አብረው አይኖሩም።"

ሙሴ ዩክሊድ በልባቸው ለድመቱ ፈረዱ፤ የሚሄደው እርሱ ነው። ጢሙ ሊነካ አይችልምና። ምክንያቱን በሞንክተን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የቡድሮ ቤተሰብ ወንዶች አገጭ የላቸውም። ትንሽ አገጭ ወይም ሸሸት ያለ አገጭ ማለት አይደለም፤ ፈጽሞ የላቸውም። ፊታቸው ከታችኛው ከንፈር ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ በቀጥታ ወደ አንገት ይገባል። በካራኬት የሰፈር ልጆች የሙሴ ዩክሊድን አባት "ኮድ ዓሣ" እያሉ ይከተሏቸው ነበር። ዩክሊድም ጢማቸው መብቀል እንደጀመረ ምላጭ የሚባል ነገር አላዩም፤ ኦዜሊን በዳንስ ቤት ሲተዋወቁ ጢማቸው ሙሉ ነበር። ባለቤታቸው ያገባችው ጢሙን ነው፤ ከሥሩ ያለውን፣ ወይም የሌለውን፣ አይታ አታውቅም።

እሑድ ለምሳ ፍሪኮ ቀርቦ፣ የዶሮውና የድንቹ መረቅ እየጨሰ ሳለ፣ ሙሴ ዩክሊድ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አድሚራል ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

"እማማ ዜሊካ፣ አድሚራልን ለጥቂት ጊዜ እህትዎ ዘንድ ብናቆየው ምን ይመስልዎታል?"

አማታቸው በደህናው እጃቸው የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ። "እህቴ ውሻ አላት!"

"ውሻው አርጅቷል። ጥርስ እንኳ የለውም።"

"አድሚራልስ ክብር የለውም? ባሌ ከሞተ ወዲህ ከጎኔ ተለይቶ አያውቅም።"

"ሌሊቱን እኮ የሚያድረው ጢሜ ውስጥ ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን ያድርግ? ቤታችሁ ይበርዳል!"

ሙሴ ዩክሊድ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ፤ ስለ ነርቩ፣ ስለ ሣቁ፣ ስለ ሰኞ። አማታቸው እስኪጨርሱ በትዕግሥት ሰሙ።

"አይጥ ይስቃል?"

"አዎን።"

"በምን?"

"ስኮረኩራቸው።"

"እኔ ልንገርህ፣ ልጄ። የሚስቁት ባንተ ነው። ይህን የሚያህል ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የአይጥ ብብት ሲፈልግ እኔም ባይ እስቃለሁ።"

ኦዜሊ መረቅ እየጨመረች ጣልቃ ገባች። "ምን ያጨቃጭቃችኋል? ጢምህን ተላጨው በቃ። ተመልሶ ይበቅላል።"

የሙሴ ዩክሊድ ማንኪያ በመንገድ ላይ ቆመ። "አይሆንም።"

"ለምን?"

"ብርድ ነው።"

"ስካርፍ እሠራልሃለሁ።"

"ስካርፍ ይበላኛል።"

"ቆይ ቆይ" አሉ እማማ ዜሊካ፣ ዐይናቸውን አጥብበው ወደ ጢሙ ዘንበል እያሉ። "ከሥሩ ምን ደብቀህ ነው?"

ሙሴ ዩክሊድ ድመቱን መሬት አውርደው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ በረዶ ሊዝቁ ወጡ። ግቢው ጠዋት ተዝቆ ነበር፤ ስለዚህ የጎረቤቱን ዛቁ።

ሰኞ ማለዳ ከሁሉም ቀድመው ቤተ ሙከራው ገቡ። መብራቱን አበሩ፤ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቁ፤ ሳይነኩ ብቻ ቆመው አዳመጡ። ዝም። አንዲት አይጥ አየቻቸውና ወደ ጥግ ልትሸሽ ተነሣች፤ የተሰፋው እግሯ አልታዘዝ ብሏት በሆዷ ወደቀች፤ ተነሥታ መጎተቷን ቀጠለች። ሙሴ ዩክሊድ ጉዳዩን እንደ ዳኛ መዘኑት። በአንድ ወገን አገጭ አለ፤ እርሱም የለም። በሌላ ወገን እግር አለ፤ እርሱም እየዳነ ሊሆን ይችላል። የሌለ ነገር ካለ ነገር በልጦ ሊፈረድለት አይገባም።

ዶክተር ሶላንዥ ስትገባ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው አገኘቻቸው። በጉልበታቸው ላይ አይጦቹ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ጸጉራቸው የሚላጭበት ቶንዶስ አለ።

"ዶክተር፣ ለሌሎቹ ታካሚዎች እንደሚያደርጉት ያድርጉ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አይደለሁም። ስለዚህ ይፍጠኑ።"

ዶክተሯ ቶንዶሱን አስነሣች፤ ጎንበስም ብላ "ይፍቀዱልኝ፣ ሙሴ" አለች። ጢሙ እየተገመሰ ወደቀ፤ ከውስጡም አንድ ትራስ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብርቱካንማ ጸጉር አብሮ ወደቀ። ሲያልቅ ዶክተሯ ወደ ኋላ ራቅ ብላ ተመለከተቻቸው፤ ከንፈሯን በጥርሷ ያዘች፤ "ልክ ነው" ብላ የተጠቀለለ ፕላስተር ልትፈልግ ፊቷን ወደ ቁም ሣጥኑ አዞረች። ፍለጋው ረዘመ፤ ትከሻዋም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሙሴ ዩክሊድ ታጠቡ፤ ጋዋን ለወጡ፤ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሰደዱ። አይጧ ደረቀች። አየሩን ማገች። እንደገና ማገች። ሰውዬው አዲስ ነው፤ እጁ ግን ያው እጅ ነው። አንድ እርምጃ ቀረበች፤ ጣታቸውን አሸተተች፤ ጫፉን ለመሞከር ያህል ነከስ አደረገችው።

"ይፍቀዱልኝ፣ ማዳም" አሉ በሹክሹክታ።

ማጅራቷን ነኩ፤ አጋደሟት፤ ሆዷን ኮረኮሩ። በማዳመጫው አንድ ጭው አለ። ቆየና ሌላ። ከዚያ ማቆሚያ ጠፋ፤ አይጧ ስትለቀቅ በሦስት እግሯ እየዘለለች፣ አራተኛውን እያስከተለች እጃቸውን አባረረች። ዶክተሯ ማዳመጫውን ነጥቃ ጆሮዋ ላይ አደረገችና "ይስቃሉ!" ብላ ጮኸች፤ የሒሳብ ሠራተኛው እንደገና በር አንኳኩ።

ድል ይዞ ወደ ቤት መመለስ ደስ ያሰኛል። ሙሴ ዩክሊድ ግን ማታ ከአውቶቡስ ወርደው በሩ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ የካፖርታቸውን ኮሌታ እስከ አፍንጫቸው አቆሙ፤ አወረዱት፤ መልሰው አቆሙት። በመጨረሻ ነፋሱ ነው የገፋቸው።

የከፈቱት እማማ ዜሊካ ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ መለሱ።

"ኦዜሊ! አንድ ዓሣ ካፖርት ለብሶ መጥቷል!"

አድሚራል ከሶፋው ላይ ተነሥቶ መጣ፤ ማደሪያው እንደፈረሰበት ገባው መሰለኝ ጭራውን ቀስሮ ወደ እማማ ዜሊካ ክፍል ሄደ። ኦዜሊ እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች። ቆመች። አገጩን ፈለገች፤ በዐይኗ ከከንፈራቸው እስከ አንገታቸው ወረደች፤ መልሳ ወጣች፤ አላገኘችም።

"ይህን ነው?" አለች። "ይህን ሁሉ ዘመን የደበቅከኝ ይህን ነው?"

"የለም" አሉ ሙሴ ዩክሊድ። "የደበቅሁሽ አለመኖሩን ነው።"

ኦዜሊ ፎጣውን አፏ ላይ ጫነች። አልያዘላትም። ሣቋ መጀመሪያ በአፍንጫዋ አመለጠ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ እየወረደ እጇን ዘርግታ የካፖርታቸውን ጫፍ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተች።

ሙሴ ዩክሊድ ከልብ የወጣን ሣቅ ከይስሙላው የሚለዩ የሙያ ሰው ነበሩ። መረመሩት። ሽሽት የለበትም፤ ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም እጅ ያሳድዳል። አንደኛ ደረጃ ሣቅ ነው። አገጩ በጎን ሲታይ ደግሞ ይበልጥ እንደሚጠፋ ስለሚያውቁ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ወደ መብራቱ ጠጋ አሉ፤ በደንብ እንድታየውም በጎን ዞሩላት።