የአባቴ ሙሉ ልብስ በመድረክ ላይ

የተቃጠለ ክር በሸተተኝ ቁጥር አምስት ሰዎች በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ይታዩኛል። ቦታው ከመሳለሚያ ወረድ ብሎ የነበረው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ የተውኔት አዳራሽ ነው፤ ረድፉ ከፊት አምስተኛው። ከግድግዳው በኩል ስጀምር መጀመሪያ አባቴ በላቸው ነው፣ ዕድሜውን መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ፤ ቀጥሎ እናቴ ዘነበች፤ ቀጥሎ አባቴን ሱቅ የምታግዘው ታላቅ እህቴ ማርታ፤ ቀጥሎ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበርኩት እኔ፤ በመተላለፊያው በኩል ደግሞ የሱቅ ጎረቤታችን ሸምሱ። ስድስተኛው ሰው የዚያ ቀኑ ተውኔት ደራሲ እዮብ ነበር፣ እሱ ግን አልተቀመጠም፤ በሩ አጠገብ ቆሞ መድረኩን ትቶ ተመልካቹን ያይ ነበር።

አባቴ ጨርቅ በፊቱ አይቶ አይገዛም ነበር። ገልብጦ ጀርባውን ያይና ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ፣ ክብሪት ለኩሶ፣ ጭሱን ያሸት ነበር። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠቁሮ እንደ ዶቃ ይደርቃል፤ እውነተኛ ሱፍ ግን የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ይህን የተማርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው።

መስከረም ጠብቶ አዳዲስ ተውኔቶች ሲከፈቱ፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማርታ ሁላችንንም እየጎተተች ትወስደን ነበር። አባቴ የድሮዎቹን ይመርጥ ነበር፣ ብዙ ሰው አይቶ ስለመሰከረላቸው፤ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ወጣት የጻፈው አዲስ ተውኔት ግን ለእሱ ያልተፈታ ጣቃ ነበር። እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና፣ አንዱ ተዋናይ ካለቀሰ ለቅሶው ከየት እንደመጣ፣ አንዷ ከገባች ማን እንደላካት ሲመረምር ይቆይና፣ ወደ ተክለ ሃይማኖት በእግራችን ስንመለስ ፍርዱን ይሰጥ ነበር።

«ይሄኛው ፖሊስተር ነው» ይላል። «ያብረቀርቃል እንጂ ላብ አይጠጣም።»

«አባዬ፣ ግማሹን እኮ ተኝተህ ነው ያሳለፍከው።»

«ጥሩ ቢሆን መቼ ያስተኛኝ ነበር።»

በጥር ለማርታ ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው ልጅም ከወጉ ውጭ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተከትሎ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ኮቱ ግራጫ ነበር፣ ሦስት ቁልፍ ያለው። አባቴ ኮቱን አደነቀ፣ ምን ጨርቅ እንደሆነ ጠየቀ፣ ልጁም ንጹህ ሱፍ ነው አለ። ያኔ አባቴ ተነሥቶ እጅጌውን ዳሰስ አደረገና፣ ማንም ሳይከለክለው አንድ ክር መዝዞ ለኮሰው። ክሩ ቀለጠ።

«ልብሱ ከዋሸ እሱም ይዋሻል» አለ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሲወጡ ማርታ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ልጁን ትፈልገው እንደነበር አላውቅም፣ ያኔ አልጠየቅኳትም። እናቴ ግን በዚያው ምሽት በየተራ አስማለችን፤ ይህ ነገር ከዚህ ግድግዳ ውጭ እንዳይሰማ።

በግንቦት ለአዳራሹ መጋረጃ ቀይ የከፋይ ጨርቅ የሚፈልግ ቀጭን ሰው ወደ ሱቁ ይመጣ ጀመር። ሳይገዛ ሦስት ቅዳሜ ተመላለሰ፤ አባቴም ሦስቱንም ቅዳሜ በርጩማ ሰጥቶ አወራው። መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ዝም ካለ ጨርቁ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ አባቴ ደንበኛ የሚያላምደው ከቤቱ ወሬ እየቆረሰ በመስጠት ነበር፣ ያም አፉ ላይ ከመልመዱ የተነሳ ማውራቱን ራሱም አይሰማውም ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ከፋዩ ተሸጠ። ሰውዬው እዮብ ነበር።

ክረምት ገብቶ የእዮብ ተውኔት ሲከፈት አባቴ ያለ ማንም ጉትጎታ ሄደ፣ መጋረጃውን ሊያይ። ቀዩ ከፋይ ሲገለጥ «የኛ ነው» ብሎ ለሸምሱ አሳየው። ከዚያ በመድረኩ ላይ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ወጣ፣ ሽማግሌዎች ገቡ፣ ነጋዴው ከሙሽራው እጅጌ ክር መዝዞ ክብሪት ጫረ። የእውነት ክር ነበር፤ ሽታው እስከ እኛ ረድፍ ደረሰ። «ልብሱ ከዋሸ እሱም ይዋሻል» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ የሚያውቁን ነጋዴዎችም ዞር ዞር እያሉ ያዩን ጀመር። አባቴ እስከ ዕረፍቱ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። መብራት ሲበራ ብድግ አለ፣ ሁላችንም ተነሣን፣ ሸምሱም ጃንጥላውን ይዞ ተከተለን። ሁለተኛውን ክፍል አላየንም።

ቤት እንደገባን ነገሩን ማን እንዳወጣው በየተራ ጠየቀን። እኔ ስምል ዓይኔን ነበር የሚያየው፤ እናቴ ስትምል መሬት መሬት ያይ ነበር። ማርታ «አልነገርኩም» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ነገር ግን ተውኔት የምትወደው እሷ ናት፤ ቂም ይዛ እንደሆነም ምክንያት አላት። አባቴ ይህን ከፍ አድርጎ አልተናገረም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን የሱቁን ቁልፍ ከአንገቷ አስወልቆ ኪሱ ከተተ። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሱቁን የምትከፍተው እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ደጅ ላይ ቆማ አባቴ እስኪከፍት ትጠብቅ ነበር፣ ሸምሱም እንዳላየ ሆኖ ጨርቁን ያራግፍ ነበር።

ቤታችን ወሬ አቆመ። አባቴ ስለ ዝናቡ ካልሆነ አይናገርም፤ ከተናገረም ቀድሞ በሩን ያይ ነበር። እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሸምሱን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ ከጎረቤት ጋር አጥር ላይ የምታወራውን እናቴን፣ አንድ ቀን ደግሞ በእንቅልፌ አውርቼ እንደሆነ ብዬ ራሴን።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ አባቴ ያለ መግቢያ «ጀርባውን ሳናይ ነው የተነሣነው» አለ። ማርታ አልሄድም ብላ ነበር፤ እናቴ ነጠላዋን አልብሳ አወጣቻት። ሸምሱም ታክሎ አምስታችንም እዚያው ረድፍ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ተዋናዮቹ ይጮኹ ነበር።

በሁለተኛው ክፍል ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ከአንድ መንገደኛ ጋር ተቀምጦ ስለ ሠርጉ ቀን ያወራል። የለበስኩት ሙሉ ልብስ የውሰት ነበር ይላል፤ ለሙሽራዋ አባት ሱፍ ነው ብዬ ፖሊስተር ለብሼ፣ አንዱ ተነሥቶ ክብሪት ይጭርብኛል እያልኩ ሠርጌን በፍርሃት ዋልኩ። ለሚስቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ይላል።

አባቴን አየሁት። ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ፤ ጣቶቹ ክር እንደሚመዙ ይንቀሳቀሱ ነበር። እናቴ ፊቷን ከመድረኩ ሳታዞር ተናገረች።

«አውቅ ነበር። ፀሐይ ሲያርፍበት ትከሻህ ያብረቀርቅ ነበር።»

አባቴ ወደ እሷ ዞሮ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«ክብሪት አልያዝኩም ነበር።»

ይህን የራሱን የሠርግ ታሪክ አባቴ ከቤታችን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር፤ የነገረው ለከፋይ ገዢው ብቻ ነው። ነገሩን ያወጣው የገዛ አፉ እንደሆነ የገባው ያኔ ይመስለኛል። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና በእናቴ ጭን በላይ እጁን ዘርግቶ የማርታ ጭን ላይ አኖረው። ይቅርታ አላላትም። እሷም መጋረጃው እስኪዘጋ አላነሣችውም።

ስንወጣ እዮብ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ…» ብሎ ሲጀምር አባቴ አቋረጠው። «ጥጥ ነው» አለው። «ጠርዙ ግን አልተቀመቀመም፤ መጨረሻው ላይ ይተረተራል።» ለአዲስ ተውኔት ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው።

አዳራሹ ዛሬ የለም፤ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ያኔ አምስት ሆነን አንድ ተውኔት እንጠረጥር ነበር፤ ዛሬ አዲስ ተውኔት በተከፈተ ቁጥር ብቻዬን ሄጄ ከማላውቃቸው ሰዎች መሀል እቀመጣለሁ፣ የጻፈው ሰው የማንን ቤት እንደሰማ ስጠረጥር ቆይቼ፣ ስወጣ ለአባቴ እደውላለሁ። እሱም ከከተማው ዳር ካለው ኮንዶሚኒየም «ጥጥ ነው?» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ካደግሁ በኋላ ስለ ተውኔት አጻጻፍ በራሴ እያነበብኩ ሳለ፣ እዮብ ያንን ጽሑፉን አውሶኝ ነበር። ገጾቹ ሁሉ በታይፕ የተጻፉ ናቸው፤ የሠርጉ ልብስ ያለበት ገጽ ብቻ በሰማያዊ ብዕር፣ በእጅ የተጻፈ ነው። ገጹ በሁለቱ እሑዶቻችን መሀል፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የገባ ከሆነ፣ የገባው ማርታን ነጻ ለማውጣት ነው፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ የሠርጉን ልብስ ከአባቴ ቢሰማም፣ የክሩን ነገር መጀመሪያ የነገረው ማን እንደሆነ፣ አባቴ ይሁን ማርታ፣ ዛሬም አይታወቅም። እዮብን ስጠይቀው አላስታውስም አለኝ። ማርታን ስጠይቃት ትስቃለች፣ ቁልፉ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

ስለዚህ በዚያ የመጀመሪያ እሑድ እኛ ከወጣን በኋላ እስከ መጨረሻው የተቀመጣችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ነጋዴው ስለ ሠርጉ ልብስ ያን ቀንም አውርቶ ነበር? የረሳሁትም ካለ ጨምሩበት። ለአባቴ ግን አትንገሩት።