የእሱ ግማሽ

መጽሐፉን ለሁለት እንክፈለው ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ የከዳኝ ሰው ዘዴውን ያገኘው ከእኔው አፍ ነው። መጽሐፉ አንድ ብቻ ነበር፤ የበረራ አስተማሪ ለመሆን የጽሑፍ ፈተና የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ፣ ወፍራም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ገበያ ወጥተው የሚገዙት ነገር አልነበረም። ጡረታ የወጡ አንድ የድሮ አብራሪ ቤት ሄደን ለመንናቸው፤ "ውሰዱት፣ እኔ ከእንግዲህ ማንን ላስተምርበት ነው" ብለው ሰጡን።

የሰጡን ለእኔና ለጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም አዋሽ ሸለቆ ባሉት የመንግሥት እርሻዎች ላይ የጥጥ ተባይ ማጥፊያ የምንረጭ አብራሪዎች ነበርን። ሰው አብራሪ ሲባል የሚታየው ኮፍያና ጥቁር መነጽር ነው። እኛ ግን ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተን፣ ጥጡን ልንነካው ምንም እስኪቀረን ዝቅ ብለን ስንመላለስ አርፍደን፣ ምሳ ሲቀርብ ወጡም ውሃውም መድኃኒት መድኃኒት የሚለን ሰዎች ነበርን። እኔን መርዙ ቀደም ብሎ ያዘኝ። ራሴን ይፈልጠኛል፣ የበላሁት አይረጋልኝም። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ፣ አሁን ከራቅሁ እንደሚለቀኝ፣ እዚያው ከቆየሁ ግን አንድ ቀን አየር ላይ እንዳለሁ ዓይኔ ሊጨልም እንደሚችል ነገረኝ። ሥራውን ልልቀቅ ብል ደግሞ በዚያ ዘመን አብራሪ በገዛ ፈቃዱ ሥራ አይለቅም። መውጫው አንድ ነበር፤ አዲስ አበባ ወዳለው የበረራ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ መዛወር። ሁለት አስተማሪ ይፈለጋል ሲባል፣ እኛም ሁለት ነን ብለን ለመወዳደር ወሰንን።

ጓደኛዬ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይሆንም። አዋሽ ላይ ወባ ሲጥለኝ በእርጥብ ፎጣ ግንባሬን እየዳበሰ ያስታመመኝ እሱ ነው። የእኔን በረራ ከራሱ ጋር ደርቦ ሠርቶልኛል። ጨዋታ ያውቃል፤ ሰው ሲስቅለት ደግሞ ይብስበታል። የመጀመሪያ ልጁ የተወለደችው በዚያው ዓመት ነበርና፣ አዲስ አበባ መቅረትን እሱም እንደ እኔ አጥብቆ ይፈልገው ነበር።

ፈቃድ ወስደን የምናጠናው መርካቶ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው። አጎቴ ከወሎ መጥቶ ጨርቅ እየሸጠ ያሳደገኝ ሰው ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ አቡጀዲው፣ ቴትሮኑ፣ ካኪው እስከ ላይ ተደርድሮባታል። ከበላይዋ ትርፍ የጨርቅ ጣቃ የሚቀመጥበት ቆጥ አለ፤ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልበትም፣ ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል። ከታች ኩሊው "መንገድ፣ መንገድ" ይላል፣ ከማዶ የቀበሌው ድምጽ ማጉያ ለስብሰባ ይጣራል፣ እኛ ከላይ ስለ ክንፍና ስለ አየር እንጮሃለን። የጨርቅ ተራው ሰው ሁለታችንንም "ካፒቴን" ይለን ነበር። አንዳንዱ "ካፒቴን፣ እኔን መቼ ነው ጅዳ የምታደርሰኝ?" እያለ ያሾፍብኛል። የምነዳት አውሮፕላን ከመድኃኒቱ በርሜል በቀር ምንም እንደማትጭን ብነግረውም አያምነኝም።

ፈተናው የአስተማሪ ፈተና ስለሆነ፣ እያንዳንዳችን ግማሹን እናንብብና ለሌላው እናስተምር አልኩ፤ ማስተማሩንም በዚያው እንለማመዳለን። አጎቴ "መጽሐፍ እንዲህ አይደረግም" እያለ እያጉረመረመ ጀርባውን በምላጭ ሰነጠቀልን። ዕጣ ተጣጣልን። ስለ አየር፣ ስለ ክንፍ፣ ስለ አውሮፕላኑ አካሄድ የሚያወራው የፊተኛው ግማሽ ለእኔ ደረሰ። ሰው እንዴት እንደሚማርና አስተማሪ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያወራው የኋለኛው ግማሽ የእሱ ሆነ።

እኔ ሳስተምር አጎቴ አንዳንዴ ከታች አንገቱን ቀና አድርጎ ያዳምጣል። አንድ ቀን፣ አውሮፕላን አፍንጫው ከልክ በላይ ሲነሳ ክንፉ መሸከም እንደሚያቅተውና ቁልቁል እንደሚወርድ ለማስረዳት እታገላለሁ።

"ታዲያ ማን አንሳው አለህ?" አለ ከታች።

"ተማሪው ነው የሚያነሳው፤ እኔ አይደለሁም።"

"አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?"

ጓደኛዬ ጣቃው ላይ ወድቆ ሳቀ። "ጋሼ፣ እርስዎ ቢፈተኑልን ይሻላል" አለው።

የእሱ ማስተማር ደግሞ ሌላ ነበር። መጥፎ አስተማሪ ምን ዓይነት እንደሆነ ሊያሳየኝ ሲፈልግ የቀበሌያችንን ካድሬ ይሆንልኛል። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ማንም ያልገባውን ነገር ሦስቴ ይደጋግማል። አጎቴ "ቀስ በሉ፣ ሱቄን ልታሳሽጉብኝ ነው" ይለናል። በዚያ ጊዜ ሰውን ለማሳሰር አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን በጓደኛዬ ፊት አፌ እንዳመጣልኝ እናገር ነበር፣ እሱም በእኔ ፊት። ሰው ይከዳኛል ብዬ ካሰብኩ የማስበው በዚያ በኩል ብቻ ነበር። በዚያ በኩል ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ አንድም ቀን ክፉ አልሠራብኝም።

አሁን የተራችንን ወግ መንገር አለብኝ። በእኛ ተራ ነጋዴ ለሶላት ሲሄድ ሱቁን አይዘጋም። ጨርቅ የሚለካበትን የእንጨት ሜትር በሩ ላይ አጋድሞ ይሄዳል። ገዢ ከመጣ ጎረቤቱ ሜትሩን አንስቶ ይገባል፣ እንደ ራሱ ዕቃ ይሸጥለታል፣ ሲጨርስ ሜትሩን መልሶ ያጋድማል። ክርስቲያኑም ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲሄድ እንዲሁ ያደርጋል። ባለሱቁ ሲመለስ ታዲያ "ምን ሸጥክልኝ?" ብሎ አይጠይቅም። ጎረቤቱ ራሱ እስኪነግረው ሻዩን እየጠጣ ይቆያል። መጠየቅ አላመንኩህም ማለት ነው፤ በዚህ የተነሳ ለዓመታት የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ በዚህ ወግ ውስጥ ነው ያደግሁት። ጓደኛዬም እዚያው አጠገብ የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ ስለሆነ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰሞን አጎቴ ሜትሩን አጋድሞ ሲወጣ በሩ ላይ ዱካ ስቦ ሱቁን የሚያይለት ብዙ ጊዜ እሱ ነበር። ገዢ ማግባባቱን እንደ ነጋዴ ለምዶት ነበር።

በጥናታችን መሐል የሁለታችንንም ማመልከቻና ፎቶግራፍ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። እኔ ያን ቀን ራሴን አሞኝ ቆጡ ላይ ተኝቼ ነበር። ሲመለስ "ገብቶልናል" አለኝ፤ ሌላ ነገር አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ቀነሰ። ሕፃኗ እንቅልፍ ነስታው ነው ብዬ አለፍኩት። ይባስ ብዬ አዘንኩለትና የእኔን ግማሽ እንደገና ከመጀመሪያው ደገምኩለት። የሚከብደውን ቦታ ከካርቶን ክንፍ ሠርቼ፣ አየሩ እንዴት እንደሚያልፍበት በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁት። ሲገባው ፊቱ ይፈካ ነበር። ያን ፊት ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አስተማሪ መሆን እንደምችል ያመንኩትም ያኔ ነው። በኋላም "ቤት ልከልሰው" ሲለኝ ግማሼን አንስቼ ሰጠሁት።

የእሱን ግማሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨረሰልኝ። "አለቀ፤ የቀረው የቃላት ማውጫ ነው" ብሎ ከደነው። እኔም አየሁት። ጣቱን ካስገባበት ቦታ ወዲያ ያለው ወረቀት ለማውጫ ወፍራም ነበር። "እስቲ አንዴ ልግለጠው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ወባ ሲጥለኝ ያስታመመኝን፣ የአጎቴን ሱቅ የሚያይልንን ሰው፣ ምን ሸጥክልኝ ልለው ነው? እሱ ግማሹን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሄደ።

ፈተናው ሲቃረብ አጎቴ፣ "የሱን ግማሽ አየኸው?" ብሎ ጠየቀኝ። እንዳላየሁት፣ እንዳልጠየቅሁትም ነገርኩት።

"ደግ አደረግህ፤ ራሱ ያመጣዋል" አለኝ።

ፈተናው አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ፈታኙ ወረቀቱን ከማደሉ በፊት፣ "ጓዶች፣ ቀደም ሲል በማስታወቂያ እንደተገለጸው የሚወሰደው ሁለት መሆኑ ቀርቶ አንድ ሰው ብቻ ነው" አለ። ማስታወቂያ የሚለጠፈው ማመልከቻ በሚገባበት ቢሮ በር ላይ ነው። ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። እርሳስ ይቀርጻል፤ ቀድሞ የተቀረጸ እርሳስ።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ያለ ችግር ሠራኋቸው። ከዚያ፣ አስተማሪ ተማሪውን እንዴት እንደሚጠይቅ የሚመለከተው ክፍል መጣ። የገባውን ተማሪ የገባው ከሚመስለው በምን ትለየዋለህ? ምን ዓይነት ጥያቄ ትጠይቀዋለህ፣ የትኛውንስ አትጠይቀውም? ጥያቄው ተከታትሎ ይመጣል፤ እኔ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠው ጓደኛዬ ቀና ሳይል ይሠራል። እኔ በግምት ሞላሁት።

ከአዳራሹ ስወጣ አልተናደድኩም፤ አፈርኩ። የተከዳ ሰው ለምን እንደሚያፍር አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ እስከ መርካቶ በእግሬ ሄድኩ። ንዴቱ የመጣው ቆጡ ላይ ወጥቼ የካርቶን ክንፉን ሳይ ነው። ረገጥኩት።

ውጤቱ ሲለጠፍ እሱ አለፈ፣ እኔ ወደቅሁ። የጎደለኝ ጥቂት ነበር፤ ያንን ምዕራፍ አውቄው ቢሆን ኖሮ ይተርፈኝ ነበር።

ወደ ሱቁ የመጣው ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቀትር ላይ ነው። የመጽሐፉን ሁለት ግማሾች በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል።

"አመጣሁልህ" አለ።

"ማስታወቂያውን አይተኸው ነበር?" አልኩት።

"አይቼዋለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ታስተምረኝ ነበር?"

"አስተምርህ ነበር።"

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝና እውነቴን መሆኑ ገባው። "እኔ ብሆን አላስተምርህም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "አንተም እንደዚያው የምታደርግ መስሎኝ ነው። ልጅ አለችኝ።"

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አዋሽ ላይ አንድ ድንኳን ውስጥ ስንኖር እኔን በራሱ ልክ ሰፍቶኝ ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ ያለኝን ከሰው ሁሉ ቀድሜ የነገርኩት ለእሱ ነው።

"ሐኪሙ ያለኝን ታውቃለህ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባውን ሳይ ይበልጥ ጠላሁት።

አጎቴ ይህን ሁሉ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ሰምቷል። አዛን ሲሰማ ተነሳና እንደ ልማዱ ሜትሩን አነሳ። ጓደኛዬም እንደ ልማዱ ወደ በሩ ዱካ ጠጋ አለ፤ እግሩ ለምዶበት እንጂ አስቦበት አይመስለኝም። አጎቴ ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"ጓጉንቸሩን አምጣልኝ" አለኝ።

ጓጉንቸሩ የማታ ነው፤ ቀን የት እንደሚቀመጥ ስለማላውቅ ፈልጌ ከመደርደሪያው ሥር አወጣሁት። ሦስታችንም ወጣን፣ አጎቴ በሩን ገጥሞ ቆለፈ። በእኛ ተራ ሱቅ በቀን የሚዘጋው ሰው ሲሞት ነው። ጎረቤቶቻችን ከየበራቸው ብድግ ብድግ አሉ፤ የማዶው ጨርቅ ሻጭ የእሱን ሜትር በእጁ እንደያዘ ሮጦ መጣ።

"ጋሼ፣ ምነው? ማን ሞተብዎት?"

"ማንም አልሞተም" አለ አጎቴ፣ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ። "ሱቄን ትቼለት የማልሄድ ሰው መጥቶ ነው።"

ጎረቤቱ መጀመሪያ አጎቴን፣ ቀጥሎ ጓደኛዬን አየ። ጓደኛዬ በሩ ላይ ተቀምጦ ሱቁን ሲያይ ብዙ ቀን አብሮት ሻይ የጠጣ ሰው ነው። ፊቱን አዙሮበት ወደ ራሱ ሱቅ ተመለሰ፤ ሌሎቹም ተቀመጡ። ጓደኛዬ ጥቅሉን እንደያዘ መሐል መንገድ ላይ ቀረ፤ ኩሊው "መንገድ፣ መንገድ" እያለ ሲጠጋው እንኳ ፈቀቅ አላለም። እኔ አጎቴን ተከትዬ ሄድኩ። በማግስቱ ወደ አዋሽ፣ ወደ መድኃኒቱ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።