የጎበጠው ዘንግና ከወንዝ ማዶ ያለው ቤት

ቤተ መንግሥቱ ገና አንኮበር ሳለ የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ተናደ። እኔ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ የደብሩ ቄስ ስለነበሩ፣ ከአንኮበር በታች ካለው ደን የተቆረጡትን የጽድ ግንዶች ደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳለው ሰፈራችን የማምጣቱ ሥራ በኔ ላይ ወደቀ። ለጉዞው አንድ ፈረንጅ ከቆላ ዕቃውን ሲያወጣበት ቆይቶ ትቶት የሄደ፣ በሬ የሚጎትተው ባለ ሁለት መንኮራኩር ጋሪ ተሰጠን። በአገራችን ጋሪ እምብዛም ስለማይታይ እንደ ትልቅ ነገር ቆጠርነው። ርካሽ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ከወጣን በኋላ ግራው መንኮራኩር ቦይ ውስጥ ገባ። ጋሪው ወደ ጎን ሲያዘነብል ከሥሩ የሚያቃስት ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ሁለቱን መንኮራኩሮች የሚያገናኘው የብረት ዘንግ እንደ ማጭድ ጎብጧል። ግንዶቹን አራገፍን።

አብሮኝ የነበረው የበሬዎቹ ባለቤት፣ ጎረቤታችን ነው፣ "ከወንዙ ማዶ የቀጥቃጭ ቤት አለ" አለኝና አማተበ። "ባዶውን ጋሪ እስከ ወንዙ ላድርስልህ። እዚያ ቤት ግን በሬዎቼን አላስጠጋም፤ ዓይን ይበላብኛል።"

እኔም ከሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። በአንገቴ ላይ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥሬ፣ ባዶውን ጋሪ ከወንዙ በኋላ ራሴ እየገፋሁ ሄድኩ።

ቀጥቃጩ ረጅም፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ዘንጉን በጣቱ እየዳሰሰ፣

"ይህን ማን ሠራው?" አለኝ።

"ፈረንጅ ነው።"

"ፈረንጅም የሚቸኩል አለ ለካ" አለ።

ዘንጉን አውጥቶ እሳት ውስጥ ከተተው፤ ወናፉን ነፋ፤ ብረቱ ሲቀላ መታው። በሁለተኛው ምት መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ።

"ባቃናውም ነገ ተመልሶ ይጎብጣል፣ ጌታው። የደረቀ ወይራ አለኝ። በእንጨት ልተካልዎት፤ ጫፍና ጫፉን ከዚሁ ብረት ቀለበት አለብሰዋለሁ።"

እሱ ወይራውን በመጥረቢያ ሲያስተካክልና ቀለበቱን ሲቀጠቅጥ ግማሽ ቀን ሄደ። ከቀትር በኋላ አዲሱን ዘንግ ከጋሪው ሥር አስገባነው። ቶሎ ወጥቼ ልሂድ ብዬ ነው መሰለኝ፣ እኔው ራሴ ጋሪው ሥር ተንጋልዬ ማጠንከሪያውን ሽብልቅ በመዶሻ መምታት ጀመርኩ።

የሰውዬው ሚስት ጠላ በቅል ይዛ መጣች። "ጾመኛ ነኝ" ብዬ ዋሸሁና ፊቴን አዞርኩ። አልሄደችም። ቁልቁል ትመለከተኛለች።

"በግራህ ነው የምትመታው" አለችኝ።

የቀጥቃጭ ሚስት የቄስን ልጅ "አንተ" ስትል ደሜ ፈላ። "ብመታስ?" አልኳት።

"እማዬ ያን እጅህን በመቀነቷ አስራ በቀኝህ ታበላህ ነበር። እሷ ዞር ስትል እኔ እፈታልህ ነበር።"

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። እንደተንጋለልኩ ቀረሁ።

ታላቅ እህት ነበረችኝ። እኔ ዘጠኝ፣ እሷ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነን፣ መዘዞ አክስታችን ቤት ሳለች ንዳድ ይዟት ሞተች ተባለ። እናቴ ጠጉሯን ተላጨች፤ ፊቷን ነጨች። ፍትሐቷን ያደረሱት አባቴ ናቸው። በአርባዋ ቀን ተዝካሯን ስንበላ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር።

"መቃብርሽ መዘዞ ነው" አልኳት።

"አይተኸዋል?"

"አባባ ናቸው የነገሩን።"

"አባባ እዚህ መጥተው ነበር። እዚያ፣ አሁን ወናፉ ያለበት ቦታ ቆመው፣ 'ከዚህ ሰው ቤት ትወጫለሽ ወይስ ትሞቻለሽ?' አሉኝ። በፈቃዴ ነው የመጣሁ፣ አልወጣም አልኳቸው።"

ባልዋ ጀርባውን ሰጥቶን የተረፈ ቀለበት መላልሶ ይሞርዳል። እሷ አላለቀሰችም። ጋሪውን ተደግፋ፣ "እማዬስ አለች?" አለችኝ።

"አለች። እስከ ዛሬ ጥቁር ነው የምትለብሰው።"

ያን ጊዜ ቅሉ ከእጅዋ አመለጠ። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እሷም አታውቅም?" አለች። "ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ተስማምተው የተዉኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት።"

ጋሪው እንዴት እንደተጠናቀቀ በደንብ አላስታውስም። ሰውዬው ዘንጉን የበግ ሞራ ቀባልኝ፤ "ሲጮህ እንደገና ይቀቡት" አለኝ። በማግስቱ ግንዶቹን ጭነን ቤት ገባን።

ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለን። አባቴ ግንዶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ መንገዱን ጠየቁኝ።

"ዘንጉ ጎብጦ ከወንዙ ማዶ ቀጥቃጩ ቤት ዋልኩ" አልኳቸው።

እጃቸው ግንዱ ላይ ቆመ። ቀና ብለው አላዩኝም። ማወቃቸውን ያኔ አረጋገጥኩ። ሰው እስኪበተን ጠብቄ ቤት ውስጥ፣ እናቴ ፊት፣ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ።

እናቴ አልጮኸችም። ወደ አባቴ ዞረች።

"ስሟን ከሙታን ጋር ሲጠሩ አፍዎ እንዴት እሺ አለዎት?"

"በኔ ዘንድ ሞታ ነበር" አሉ።

"በኔ ዘንድስ?"

ጎህ ሲቀድ እናቴን በበቅሎ አስቀምጬ ጉዞ ጀመርን። ወንዙ ጋ ስንደርስ አታውርደኝ አለችኝ፤ ራሷ ወረደችና ውሃውን በእግሯ ተሻገረች። እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር። እናቴ ቀርባ ጆሮዋን፣ አገጭዋን፣ ጠጉሯን ዳሰሰች። እህቴ ጎንበስ አለችላት።

"አርጅተሻል፣ ልጄ" አለቻት እናቴ። ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ቁጭ አሉ። እኔና ቀጥቃጩ የምንሠራው ሥራ ሳይኖረን ውጭ ቆመን ቀረን።

እናቴ እዚያ ሰነበተች። እኔ ብቻዬን ስመለስ አባቴ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ቅዳሴ መግባት ትተዋል። በቅሎዋን ሳስር ያዩኛል።

"ልጆች አሏት?" አሉ በመጨረሻ።

"አራት" አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ወደ ላይ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።