ኅዳግ አጽጂው

በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ ከውኃ ፓምፑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን ሲያጠፋ ኖረ። የተቀጠረው ለዚሁ ነው። ተውሰው የተመለሱ መጻሕፍት በጋሪ ይወርዱለታል፤ እሱ ገጽ በገጽ እየገለጠ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን በላጲስ ያጸዳል፣ ብናኙን በብሩሽ ይጠርጋል፣ የተቀደደውን ይለጥፋል፣ መልሶ ወደ ላይ ይልካል። ጽሑፉ በእስክሪብቶ ከሆነ ምንም ማድረግ ስለማይቻል ቅጹ ላይ «በእስክሪብቶ» ብሎ ይሞላል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጋሽ ላጲስ ይለዋል። አልከፋውም፤ እዚያ ቤት ከዚህ የባሰ ስም የወጣለት ሞልቷል።

አንባቢ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ያሰምራል፣ የሂሳብ መጽሐፍ ላይ ይሳሳታል፣ የወንጀል ልብ ወለድ ላይ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና በምዕራፍ ሁለት ይናገራል። የግጥም መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ ይኸውም የሚዋሰው ስለሌለ ነው። በዚያው ከተማ የምትኖር አንዲት ወጣት ገጣሚ «የመሳቢያ ዝናብ» እና «እርጥብ ቁልፍ» የተባሉትን የመጀመሪያ ሁለት መድበሎቿን ስታወጣ ይህ ተቀየረ። ስለ ፍቅር፣ ስለ ሐዘንና ስለ መስኮት የሚያወሩ አጫጭር ግጥሞች ናቸው። አንዳንዱ ወደዳቸው፣ አንዳንዱ ተናደደባቸው፤ ሁለቱም ወገን እርሳስ አነሳ።

«እንጨቱ በሐዘን ተሰነጠቀ» ከሚለው ጎን አንድ ሰው፣ አናጺ ሳይሆን አይቀርም፣ «ስላልደረቀ ነው» ብሎ ጻፈ። «ካንተ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም» ከሚለው ስር «እኔም የለኝም፤ ልጁ ጥርስ እያበቀለ ነው» የሚል ተገኘ። አንዱ ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ላይ «አልገባኝም፤ ደግሜ እወስደዋለሁ» አለ። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው እጅ ጽሑፍ «አሁንም» የሚል መጣ። የመጀመሪያው ቀድሞ ጠፍቶ ስለነበር ሁለተኛው ብቻውን ትርጉም አልነበረውም። ጋሽ ላጲስ እሱንም አጠፋው።

አንድ ማክሰኞ «እርጥብ ቁልፍ»ን ገልጦ ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ደረሰ። ስለ እናት ቀብር የተጻፈ ግጥም ነው። «በዚያ ቀን ሰዓቱን ያየ አልነበረም» ይላል አንዱ ስንኝ። ከጎኑ በእርሳስ «አንድ ሰው አይቷል» ተብሎ ተጽፏል።

ጽሑፉን አወቀው። የታላቅ እህቱ ነው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ስለሆነች «ሰ»ን እንደ ዘመመ ጣሪያ አድርገው የሚጽፉት በዓለም ላይ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት እናታቸው ስትቀበር እሱ እጁን አንስቶ ሰዓቱን አየ። እህቱ አየችው። ከቀብር ሲመለሱ «ቸኩለህ ከሆነ ሂድ» አለችው፤ ሄደ። ከዚያ በኋላ ተነጋግረው አያውቁም። ቤቷ ከቤተ መጻሕፍቱ በእግር አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።

ላጲሱን አንስቶ አስቀመጠው። እርሳስ ፈልጎ ከእሷ ጽሑፍ ስር «አስር ሰዓት ነበር። የመድኃኒቷ ሰዓት» ብሎ ጻፈ። መጽሐፉንም ሳያጸዳው ወደ ላይ ላከው።

መጽሐፉ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ከእሱ መልስ ስር ሌላ ሰው «የማን መድኃኒት?» ብሎ ጠይቋል። ከዚያም ስር ሌላ ሰው በእስክሪብቶ «የሕዝብ ንብረት ላይ መጻፍ ነውር ነው» ብሏል። ጋሽ ላጲስ ቅጹን ሞላ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የእሱን ቅጽ በየቀኑ የምትፈርም ሴት ናት። መጽሐፉን ይዛ ምድር ቤት ድረስ ወረደች።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እርስዎ ራስዎ?»

«እኔው ነኝ።»

ኃላፊዋ መጽሐፉን ፊቱ አስቀመጠችው። «በሉ እስከ ሐሙስ ያጽዱት። እኔም እንዳላየሁ ልሁን።»

ረቡዕ ገጣሚዋ ራሷ መጣች። ሁለቱ መድበሎች ባንድ ጥራዝ ሊታተሙ ስለሆነ አንባቢ ምን እንዳለ ለማየት ፈልጋ ነው። የሃያስያኑን አስተያየት አንብባለች፤ «እነሱ እርስ በርስ ነው የሚነጋገሩት» አለች። ኃላፊዋ ወደ ምድር ቤት አወረደቻት። ጋሽ ላጲስ ሁሉንም አጥፍቶት ነበር፤ ሆኖም ያጠፋውን አይረሳም። የገጽ ቁጥር እየጠራ በቃሉ ነገራት፤ እሷ በማስታወሻዋ እየጻፈች ሁለት ሰዓት ተቀመጠች።

«ከፋዎት እንዴ?» አላት።

«አይ። ግን እንጨቱን አስተካክለዋለሁ» አለች።

ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ራሱን ሰጣት። አነበበችና «መድኃኒት የምትወስደው ማን ናት?» አለችው። ነገራት። ለማንም ነግሮ የማያውቀውን፣ ለእናቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከሥራ ብቅ እያለ ለአራት ዓመት ኪኒን ሲሰጣት እንደኖረ፣ ያን ቀን እጁ ከልማዱ የተነሳ እንደተነሳ ነገራት።

«ስንኙን ልለውጠው?»

«አይለውጡት። ከለወጡት እህቴ የጻፈችው ከንቱ ይሆናል።»

ገጣሚዋ ስትወጣ ገጹ እንዲሁ እንዲቆይ ኃላፊዋን ለመነቻት። ኃላፊዋ «ደራሲዋ ከፈቀደች እኔ ምን አገባኝ» አለች።

አምስት ሳምንት አለፈ። መጽሐፉ ሲመለስ የገጹ ግርጌ ላይ፣ ቦታ ስለጠበበ በደቃቁ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» ይላል። «ሰ» የለበትም፤ ቢሆንም አላጣውም። የፈቃድ ቅጽ አወጣ፤ ከእናቱ ቀብር ሌላ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነበር። «ምክንያት» በሚለው ላይ «ቤተሰብ» ብሎ ሞላና ወጣ።

እህቱ የአንዲት ደንበኛ ወገብ እየለካች ነበር። ቀና ብላ አየችውና «ቆይ» አለችው። ቆየ። ደንበኛዋ ከሄደች በኋላ ወንበር ላይ የተከመረውን ጨርቅ አንስታ «ተቀመጥ» አለችው።

«እትዬ፣ መጽሐፉ ላይ የጻፍሽውን አየሁት።»

«እንድታየው አልነበረም የጻፍኩት። እዚያ ቤት ምን እንደምትሠራ መቼ ነግረኸኝ ታውቃለህ? መጽሐፍ ታድላለህ ብዬ ነው።»

«አጠፋለሁ።»

«እሱስ ያስታውቃል» አለች። ሜትሩን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «አስር ሰዓት መሆኑን እኔም አውቅ ነበር። እሁድ እሁድ አንተ ስታርፍ የምሰጣት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔ ሰዓቴን እንዳላይ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የቆምኩት። አንተ ግን አየህ። እሱ ነው ያናደደኝ፤ አንተም ለመድኃኒቷ ብለህ መሆኑን ግን አልነገርከኝም።»

እህቱ ሁለት ብርጭቆ አወጣች፣ አንዱ ተሸርፏል፣ የተሸረፈውን ለራሷ አደረገች። አይኗ ስለደከመ መርፌዋ ላይ ክር እንዲያስገባላት ሰጠችው። በሦስተኛው ሙከራ ገባ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ይሄዳል። ብዙ አያወሩም፤ ስለ ግጥሞቹ ግን ይጨቃጨቃሉ። እሷ የመጀመሪያው መድበል ይሻላል ትላለች፤ እሱ ሁለተኛው። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ወጣ። በእሱ ቦታ ሰው ስላልተቀጠረ መጻሕፍቱ አሁን የተጻፈባቸውን እንደያዙ ወደ መደርደሪያ ይወጣሉ፤ ኃላፊዋ እንደምትለው የተዋሾች ቁጥር ትንሽ ጨምሯል።