ሎሚው ያልደረሰበት ዝገት

መጨረሻ አብረን የሠራነው ሎሚ መጭመቅ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጠን እኔ ስጨምቅ ባለቤቴ ማጥለያውን ያዘልኝ። ጣቱን አሸተተና፣ «አቦ፣ ያን ጎራዴ የፈተግሽ ቀን እጅሽ እንዲህ ነበር የሚሸተው» ብሎ ሳቀብኝ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ዛሬም ሎሚ ስቆርጥ ጎራዴውን የፈተግኩበት ቀን ይመጣብኛል።

የአባቴ አባት ወታደር ነበሩ፤ «የተዋጋሁበት ጎራዴ ነው» ብለው ለአባቴ አወረሱት። ጎራዴያቸውን አባቴ ለሠርግ ብቻ ያወጣው ነበር። በአንድ ሠርግ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሰው ከአፎቱ መዝዞ አየና፣ «ወላሂ፣ ይሄማ ትናንት የተገጣጠመ ነው! ስለቱ ሌላ፣ እጀታው ሌላ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥ ተወ። «አባቴ ዋሽቶኛል ማለት ነው?» ይል ነበር ለብቻው።

እናቴ ብረት ያውቃል የተባለ ወጣት ከምድር ባቡር ወርክሾፕ አስጠራች። እኔ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብዬ ጎራዴውን በአመድና በሎሚ ፈትጌ መስታወት አስመሰልኩት።

ወጣቱ ገና ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ።»

«የኔ እመቤት፣ ምስክሩን አጥበሽ ደፋሽው እኮ!»

ለካ ዕድሜውን የሚናገረው ዝገቱ ኖሯል። አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ወጣቱ ግን እጀታውን ቀስ ብሎ ፈታው። በስለቱና በእጀታው መካከል አንዲት ቁራጭ ቆዳ ተወትፋ ነበር፤ ሎሚዬ እዚያ አልደረሰም። ዝገቱ ከስለቱ ተነስቶ፣ ቆዳዋን በልቶ፣ እጀታው ውስጥ ገብቷል።

«አባባ፣ ሰውየው ግማሹን እውነት ተናግሯል» አለ። «ሁለቱ የአንድ ጎራዴ አይደሉም። ግን ሁለቱን ያያያዘው ይሄ ዝገት ከእርስዎ ዕድሜ አያንስም። አባትዎ እጀታው ተሰብሮባቸው ሌላ ያስገጠሙ ይመስለኛል።»

አባቴ ቆዳዋን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ፣ «ጫማውንም እየጠጋገነ ነበር የሚያደርገው» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ጎራዴውን ታቅፎ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ወጣቱ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ሁለተኛ እኔ ሳልመጣ እንዳታጥቢ» አለኝ። መምጣቱንም አላቋረጠም።

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሰዎች አሮጌ ጎራዴ እያመጡ ያሳዩት ነበር። ዓይኑ ሲደክም እኔ እያየሁ እነግረው ጀመር። ካረፈ ወዲህ የሚመጣ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ባለፈው ወር ግን አንዲት ሴት ቢዮ አዋሌ ከሚባል መንደር በጨርቅ የተጠቀለለ ጎራዴ ይዛ መጣች።

«እሳቸው የሉም» አልኳት።

«እርስዎስ?» አለችኝ።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሰው የሚያመጣውን ጎራዴ ፈትቼ አያለሁ።