ብሬከሩ ሥር ቆሜ የዋሸሁት

ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። አምፖል ከተቃጠለ ሰው መጥቶ እስኪቀይርልኝ በጨለማ እቀመጣለሁ። እግዜር ሲቀልድብኝ ደግሞ ያለችኝን አንዲት ሴት ልጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አደረጋት።

ቤታችን ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ የጣውላ ደረጃ ያለው አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ራሱ ያስነጥሳል። ልጄ አራት ኪሎ ተከራይታ ለብቻዋ ብትኖርም ብርዳችን አላስተኛት ብሎ፣ ሆቴል ዕቃ ሲቀይር ያወጣውን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ማሽን ገዝታ ሰቀለችልን። ባለፈው ሐምሌ ደግሞ በስልክ የሚታዘዝ ቴርሞስታት ይዛ መጣች። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቤቱን ሙቀት እየለካ ማሽኑን የሚያበራና የሚያጠፋ ነገር ነው።

"የግድግዳው ሽቦ ዝንብ አይገድልም እማዬ" አለችኝ። "ማሽኑ ውስጥ ያለው ግን ይገድላል።"

ይሄ ለእናት ይነገራል?

ቆጣሪያችን የጋራ ነው፤ ደረጃው ሥር ተሰቅሎ ለግቢው ሁሉ ያገለግላል። ስቶቭና ካውያ ባንዴ ከተሰኩ ከጎኑ ያለው ብሬከር ወርዶ መብራቱን ይቆርጣል፤ ሲወርድ ቅርብ ያለው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ያነሳዋል። ደንባችን ነው። ስለዚህ ልጄ ብሬከሩን አወረደችና "እዚህ ቁሚልኝ፣ ማንም እንዳይነካው" ብላኝ ሽቦውን ልትቀጥል ወደ ቤታችን ወጣች።

መጀመሪያ የመጣው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፣ ካውያውን እንደያዘ።

"ወረደ እንዴ?"

እውነቱን እንዳልነግረው፣ ያ ማሽን ከተሰቀለ ወዲህ ብሬከር በወረደ ቁጥር ግቢው የሚያማው የኛን ማሽን ነው።

"መብራት ሄዷል" አልኩት። "ፒያሳ በሙሉ።"

አንገቱን ወደ ውጭ አሰገገ። "ኬክ ቤቱ ይበራል እኮ።"

"ጄኔሬተር ነው።"

"ድምፅ የሌለው?"

"አዲስ ገዝተው ይሆናል።"

እሱ ገና ሲያስብ ምድር ቤት የሚኖሩት አሮጊት ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። ብሬከር የሚያነሱት በዚያው ጃንጥላ ጫፍ ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ አይስቱትም።

"መብራት የለም እማማ" አልኳቸው ገና ሳይጠይቁኝ።

"ከኬክ ቤቱ ነው የመጣሁት። ማኪያቶዬን በምን አፈሉት ታዲያ?"

"በጋዝ ይሆናላ።"

"እኔ ጥርሴን እንጂ ዓይኔን አላጣሁም" ብለው ጃንጥላውን አነሱ።

ላይ ቤት የልጄ መፍቻ ሲጮህ ይሰማኛል። ጀርባዬን እዚያ የምፈራው ብሬከር ላይ ለጠፍኩ።

"እማማ፣ ልጄ ሽቦ ይዛለች።"

ጃንጥላው ቀስ ብሎ ወረደ።

"ታዲያ ይሄን እንደ ሰው አትናገሪም ነበር?" አሉና ከፊቴ ዞረው ቆሙ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ዘበኛ ይዘው። "አንተም ካውያህን አስቀምጥ።"

"ካውያው ምን አደረገ? አልተሰካም እኮ።"

"ብቻ አስቀምጠው።"

አስቀመጠው። ሦስታችንም ወደ ላይ አንጋጠን ቀረን። በመጨረሻ የልጄ ድምፅ መጣ።

"ጨርሻለሁ፣ አንሱት።"

ማንም አልተነቃነቀም።

"እጅሽን አሳዪን" አሉ አሮጊቷ።

"የምን እጅ?"

"ሁለቱንም።"

በደረጃው መደገፊያ ላይ ተንጠልጥላ አሥሩን ጣቶቿን ዘረጋች። ልብስ ሰፊው በአፉ ቆጠራቸው። አሮጊቷ ግን አልረኩም፤ "ራሷ ትውረድ" አሉ። እያጉረመረመች ወርዳ በአንድ ጣት ቀጭ አደረገችው። ላይ ቤት ማሽኑ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና መሥራት ጀመረ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ልጄ ደግሞ ሳቀች።

አሁን አራት ኪሎ ሆና ቤታችንን በስልኳ ታሞቃለች። ጠዋት ክፍሉ ለብ ሲል ባሌ "ማሽኑ ተነሳ" ይላል፤ እኔ "ልጄ ተነሳች" እላለሁ። ድምፅዋ የጠፋብኝ ቀን የቴርሞስታቱን ቁልፍ በማማሰያ እጀታ ጫን አድርጌ ዝቅ አደርገዋለሁ። ስልኳ ላይ ይታያታል መሰለኝ፣ ብዙ ሳይቆይ ስልኬ ይጠራል።

"እማዬ፣ ማነው የነካው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" እላታለሁ። "ኤሌክትሪክ እንደምፈራ ታውቂ የለ።"